ግማሽ ሰዓት በወይራ አፋፍ

መካነ ሰላም፣ ግንቦት 14 ቀን 1965 ዓ.ም.

ለእትዬ፣

መንገድ የምመራው የሁለተኛው ቤተሰብ የጉዞ ፕሮግራም ትናንት በአውሮፕላኑ ፖስታ ደረሰኝ። አምስት ፈረንጆች ናቸው፤ ሦስቱ ልጆች ናቸው። ሰኔ 5 ቀን ቀትር ላይ ወይራ አፋፍ፣ ባቄላ የምትሰጠው ሴት ቤት፣ ግማሽ ሰዓት ያርፋሉ ይላል።

እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ከዚህ በፊት ስጽፍልሽ ይህን እጠይቅና ወዲያው "እኔ ደህና ነኝ" ወደሚለው እሻገር ነበር። ዛሬ ግን እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀምጬ ትንሽ ጠበቅሁ። ጉልበትሽ እንዴት ነው? ቁር ሲሆን የሚነሳብሽ ሳልስ ተወሽ ወይ? እኔ ተኝቻለሁ። ግርሻ ነው፤ ሄዶ ይመለሳል። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ግንቦት ሳያልቅ ከአልጋ እንዳልወርድ አስጠንቅቆኛል። እጄ ግን ይጽፋል። ፊደል ያስቆጠርሽኝ አንቺ ነሽና መስመሩ ከተንጋደደብሽ ትኩሳቱን ውቀሺ፤ አስተማሪዋ ጥፋት የለባትም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገርሽ። ልጆችሽ ድንቅነሽና ውበቱ በሕይወት አሉ። አባታቸው አድማሴም አለ። ደሴ አጠገብ ባለው መጠለያ ሚያዝያ 17 ቀን በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ውበቱ ትንሽ ሆዱን ያመዋል፤ ሌላ ምንም የለበትም።

ይህን የሚያመጣልሽ ቸኮል ነው፤ በቅሎ የሚያከራየው ባልንጀራዬ። አንድ በቅሎ ጭነት ገብስ፣ ጨውና ዘይት ይዞልሻል። ግማሹ ገብስ ተፈጭቷል። እንደደረሰ አጥሚት ያፈላልሻል፤ ቀጭን አድርጎ፣ በትንሽ በትንሹ። ወንድ አጥሚት ያፈላልኛል ወይ ብለሽ እንዳትስቂበት፣ እሱ ከእኔ ይሻላል። መጀመሪያ ጠጪ። ደብዳቤው ይቆያል።

ጠጥተሽ ከሆነ ልቀጥል።

የማወራሽ ስለ ገንዘብ ነው፤ በደጅሽ ያሳለፈኝ እሱ ስለሆነ። ባለፈው ያመጣኋቸው ፈረንጆች ሦስት ነበሩ፦ አባት፣ እናትና የሰባት ዓመት ሴት ልጅ። አባትየው ቤይሩት በሚባል አገር አስተማሪ ነው። ደሞዙን የሚቀበለው በአሜሪካ ዶላር ነው። በእነሱ ፋሲካ፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ሲዘጋላት፣ መቅደላን ሊያሳያቸው ሁለት ዓመት ገንዘብ አጠራቀመ። ማጠራቀም ሲጀምር ለአንድ ዶላር ባንኩ ሁለት ብር ከሃምሳ ሳንቲም ይሰጥ ነበር። በታኅሣሥ 64 ሁለት ብር ከሠላሳ ሆነ። እሱን ችሎ ዕቅዱን አስተካከለ። ባለፈው የካቲት ደግሞ ዶላሩ እንደገና ወረደና ሁለት ብር ከሰባት ሳንቲም ሆነ። ሰውዬው ያጠፋው ነገር የለም። ዶላሩንም ማንም አልነካበትም፤ ያው አንድ ሺህ ነው። እዚህ ሲመነዘር ግን ሁለት መቶ ሠላሳ ብር ጎደለ። ሰባቱ በቅሎ፣ ሦስቱ ጫኝ፣ ስንቁና እኔ በቀን የምንፈጀው ሰባ ስድስት ብር ነው። ስለዚህ የጎደለው ሦስት ቀን ነው።

ዘጠኝ ቀን የነበረው ጉዞ ስድስት ቀን ሆነ። የዘጠኝ ቀኑ መንገድ በሜዳው ዞሮ የሚሄደው ሰፊው ነው። በስድስት ቀን የሚያደርሰው በሳይንት በኩል ተረተሩን ይዞ በወይራ አፋፍ የሚቆርጠው ነው። ፈረንጆቹን የሚልክልኝ የአዲስ አበባው ወኪል ይህን በመጋቢት ሲጽፍልኝ ደስ አለኝ። አራት ዓመት ሙሉ አላየሁሽም ነበር። በዚያው ቀን መልስ ጻፍሁለት፦ በዚያ መንገድ ላይ የእህቴ ቤት አለ፤ እንግዶቹ እዚያ ምሳ በልተው ግማሽ ሰዓት ያርፋሉ፤ የአገሬው ሰው እንዴት እንደሚኖር ያያሉ አልሁ። እሱም ወደደውና ፕሮግራሙ ላይ አስገባው።

ከዚያ ጨው ነጋዴዋን አበቡን ገበያ ላይ አገኘኋትና ላክሁብሽ። "ሚያዝያ 10 ቀን ቀትር ላይ ከሦስት እንግዶች ጋር እመጣለሁ፣ አዘጋጂ ብሎሻል በይልኝ" አልኋት። አዘጋጂ ነው ያልሁት። እንዴት ናችሁ አላልሁም። የረኃቡ ወሬ እዚህም ነበረ፤ አልደበቁንም። ግን ሁልጊዜ የሌላ ወረዳ ወሬ ነበር። የጁ ነው ይሉናል፤ አምባሰል ነው ይሉናል። ወይራ አፋፍ ነው ያለኝ ሰው የለም፤ እኔም አልጠየቅሁ።

ወኪሉ አንድ ትእዛዝ ሰጥቶኝ ነበር። በመንገድ ላይ የተዘጉ ቤቶች ይኖራሉ፤ ፈረንጆቹ ሰዉ የት ሄደ ብለው ከጠየቁ ገበያ ሄዷል በል የሚል ነው። ቀላል ነገር መስሎኝ ተቀበልሁ።

የመጀመሪያውን ባዶ ቀዬ ያገኘነው ሰኞ ሚያዝያ 8 ቀን ነው። አባትየው ጠየቀኝ፤ ገበያ አልሁት። ማክሰኞ ሁለት ቀዬ አለፍን፤ በሁለቱም ገበያ አልሁ። እናትየዋ የቀኑን ሁሉ የምትጽፍበት ትንሽ ደብተር ነበራትና እሱንም ጻፈችው። ልጅቷ ግን ነገር መጠየቅ ትወዳለች። ምንድን ነው የሚሸጡት ብላ ጠየቀችኝ። እህል አልኋት። ማን ነው የሚገዛቸው፣ ሁሉም ሻጭ ከሆነ? አለችኝ። አባቷ ሳቀና ይህቺ ልጅ ነጋዴ ትሆናለች አለ።

ቸኮል እንግሊዝኛ ባያውቅም "ማርኬት" የምትለዋን ቃል ለይቷታል። ማክሰኞ ሲመሽ በቅሎዎቹን እያሰረ፣ "ጌታው፣ እንግሊዝኛ ከተማርህ ወዲህ ገበያው የየዕለት ሆነ" አለኝ። "መንገዱን አሳየንና እኛም ሄደን እንግዛ እንጂ። ለበቅሎዎቹ ገብስ አልቆብኛል" ብሎ ጨመረ። እየቀለደ ነበር፤ ግን ፊቱን ወደ እኔ አላዞረም።

ረቡዕ ሚያዝያ 10 ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ወይራ አፋፍ ቤተ ክርስቲያን አጥር ደረስን። አያ ክንፈ ብቻቸውን ዋርካው ሥር ተቀምጠዋል። ፈረንጆቹን ወደፊት አሳለፍሁና እኔ ወረድሁ። መጀመሪያ አላወቁኝም። የመሪጌታ ልጅ ነኝ ስላቸው፣ "አብሽር ልጄ፣ ፊትህ ሞልቶብኝ ነው" አሉኝ። አንቺን ጠየቅኋቸው።

እሳቸው ያሉኝን ቃል በቃል ልጻፍልሽ። "አድማሴ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ከወጣ አምስት ቀኑ ነው። እስከ አፋፉ ሸኝቻቸዋለሁ። አራቱንም ቆጥሬ ነው የተመለስሁት።" ቤቱ ባዶ ነዋ? ብዬ ጠየቅሁ። "ባዶ ነው። ጧት ጧት ግን ጭስ ይወጣበታል" አሉ። ማን ነው የሚያነደው? ስላቸው፣ "እኔ ያየሁት ጭስ ነው። ሰው አላየሁም" አሉኝ። ገብተው አላዩም ወይ? አልኋቸው። እጃቸውን ገልብጠው አሳዩኝ፤ "ባዶ እጄን?" አሉ።

ይህን አንቺ ታውቂዋለሽ። የቸገረው ሰው ቤት ባዶ እጅ አይገባም፤ የቸገረውም ሰው የሚያቀርበው ከሌለው ለእንግዳ አይወጣም። አባታችን ያሳደገን እንደዚህ ነው። ያን ሰሞን አያ ክንፈ በአንደኛው በኩል፣ አንቺ በሁለተኛው በኩል ተቀምጣችሁ አምስት ቀን ሙሉ ጭስ ብቻ ተያያችሁ ማለት ነው። ይህ የገባኝ በኋላ ነው።

ደጅሽ ስንደርስ ቀትር ነበር። ቀዬው ስምንት ቤት ነው፤ ሰባቱ በር ከውጭ በልጥ ታስሯል። ውሻ አልጮኸብንም። ዶሮም አላየሁም። የአንቺ በር ብቻ አልታሰረም፤ ገርበብ ብሏል። ደጁ ተጠርጓል። የመጥረጊያው መስመር አፈሩ ላይ በግልጽ ይታያል፤ ከመስመሩ በላይ የሰው ዱካ የለም። ማን እንደጠረገው እንጃ፤ ጠርጎ የወጣ ግን የለም።

ፈረንጆቹ ከኋላዬ ቆመዋል። አባትየው ካሜራውን አውጥቷል። እኔም እንደ እንግዳ ከአጥሩ ቆሜ "ቤቶች!" አልሁ። መልስ የለም። "ቤቶች፣ እንግዳ አለ!" አልሁ። ሦስት ጊዜ ነው የተጣራሁት፤ ሦስት ጊዜም እንግዳ አለ አልሁ። እኔ ነኝ አላልሁም። እትዬ አላልሁም።

በገርበብታው ውስጥ የሚታየው ጨለማ ነው። ነገር ግን የተዳፈነ እሳት ሸተተኝ። አምስት ቀን የሆነው አመድ እንደዚያ አይሸትም። አባትየው ጠየቀኝ። "ገበያ ሄደዋል" አልሁት። ፕሮግራሙ ላይ የእህቴ ቤት ተብሎ በተጻፈው ቤት ደጅ ላይ ቆሜ ነው ይህን ያልሁት። ትንሽ አየኝና አዝናለሁ አለ። እናትየዋ ደብተሯን አላወጣችም።

በዚህ መሃል ልጅቷን አላስተዋልናትም። በጓሮ በኩል ዞራ በጥጃው በር ገብታ ኖሯል። ስትመጣ እጇን ጨብጣ ነው የመጣችው። ስትዘረጋው የተቆላ ባቄላ ነው። ሰባት ፍሬ ነው። ገና ይሞቃል።

ማን ሰጠሽ? አላት አባቷ። ሴትዮዋ አለች። የቷ ሴትዮ? ጨለማው ውስጥ የተቀመጠችው። ምን አለችሽ? ምንም። ልጅቷ ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ አሳየችን፤ እንዲህ አለችኝ አለች። አባትየው ሳቀ። "ገበያ ያልሄደች አንዲት ሴት ተገኘች ማለት ነው" አለ። እኔም ተርጓሚ ነኝና መልስ አላጣሁም። ጎረቤት ትሆናለች፤ ዓይን አፋር ናት አልሁት።

ልጅቷ አንዷን ባቄላ ለእኔ ሰጠችኝ። ጫፏ ላይ በቢላ ተነክታ ተሰንጥቃለች።

እትዬ፣ እንደዚያ የሚያደርግ ሌላ ሰው አላውቅም። አባታችን ራሱን ታምሞ የተኛ ጊዜ ባቄላ ሲቆላ የሚያሰማው ድምፅ ያስጨንቀው ስለነበር፣ አንቺ እያንዳንዷን ፍሬ በቢላ ነክተሽ ትቆያት ነበር። የተነካ ባቄላ ሲቆላ አይጮህም። እሱ ካረፈም በኋላ ልማድሽን አልተውሽም። እኔ ከአጥሩ ላይ ቆሜ ስጣራ ውስጥ ባቄላ እየተቆላ ነበር፤ ምንም ያልሰማሁት ለዚህ ነው።

ባቄላዋን አይቼ አወቅሁ። በዚያችው ደቂቃ ነው ያወቅሁት፤ ኋላ አይደለም። ከዚያም አባትየው ሰዓቱን አየ። እሑድ የሚመለሱበት አውሮፕላን አለ፤ ሦስቱ ቀን ስለጎደለ ሳይመሽ ከወንዙ ማዶ መድረስ ነበረብን። እንሂድ ወይ? አለኝ። እንሂድ አልሁ።

ይዤልሽ የመጣሁትን ቢጫ ሻሽና ሁለት ኪሎ ስኳር ደፉ ላይ አስቀምጬ ድንጋይ ጫንሁበት። ጣራሽ ሥር ቆሜ ነው ያስቀመጥሁት። ከበሩ እስከ ምድጃው ስድስት እርምጃ ይሆናል። ፕሮግራሙ ግማሽ ሰዓት ይላል፤ እኛ አሥራ ሁለት ደቂቃ ቆየን።

ተረተሩ ላይ ስንወጣ ቸኮል ወደ ኋላ ዞሮ ሲያይ ቆየና፣ "ሻሹ የለም" አለኝ። ነፋስ ወስዶት ይሆናል አልሁት። "የቱ ነፋስ?" አለ። አየሁ። የሣሩ ጫፍ እንኳ አይነቃነቅም። ደጁ ላይ ሰው የለም። በሩ እንደተወነው ገርበብ ብሏል። ቸኮል አማተበና በቅሎውን መታ። ከዚያ ወዲያ መኪና ላይ ወጥተን እስክንለያይ ድረስ ስለ ገበያ አልቀለደብኝም።

መቅደላን አዩ። አባትየው ከመጽሐፉ እያነበበ አስረዳቸው፤ ልጅቷ ግን ፀሐይ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት። ቅዳሜ ሚያዝያ 13 ቀን ከኩታበር በመኪና ወደ ደሴ ስንወርድ መንገዱ ዳርና ዳር ሰው ተቀምጧል። ቁጥሩን ልገምትልሽ አልችልም። አይለምኑም፤ አይነሱም፤ መኪናውን በዓይናቸው ይከተሉታል። ልጅቷ አፍንጫዋን መስተዋቱ ላይ ለጥፋ ስታይ ቆየችና "ይኸውና ገበያው" አለች። እናትየዋ ደብተሯን አውጥታ ከፈተች፤ ምንም ሳትጽፍ መለሰችው።

ደሴ ላይ ስንለያይ አባትየው ከሂሳቡ ውጭ ሃያ ዶላር ሰጠኝ። ባንኩ አርባ አንድ ብር ከአርባ ሳንቲም መነዘረልኝ። ቸኮል የሚያመጣልሽ ገብስ የተገዛው በዚያ ነው። በድሮው ምንዛሪ ቢሆን ሃምሳ ብር ይሆን ነበር፤ ጭነቱ ላይ ጥቂት ቁና ይጨመርልሽ ነበር።

ከዚያ መጠለያዎቹን እየዞርሁ አድማሴንና ልጆችሽን ፈለግኋቸው። ሦስቱን ያገኘኋቸው በአራተኛው ቀን ነው። አድማሴ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጧል። ሲያየኝ አልተነሳም። "ሚስቴን እንግዳ አምጥቼልሻለሁ አልሃት አሉ" አለኝ። "እንግዶችህ ጠገቡ?" አለኝ።

የነገረኝ ይህ ነው። ሚያዝያ 5 ቀን ከወጣችሁ በኋላ፣ ከአፋፉ ማዶ፣ አበቡ አህያዋን እየነዳች አገኘቻችሁ፤ መልእክቴንም እንደሰማችው ነገረችሽ። አንቺ መንገዱ ላይ ቆምሽ። ወንድሜ በሰው ፊት የተዘጋ በር አያገኝም አልሽ። እሱ ጮኸብሽ፤ "ምን ልታቀርቢለት ነው? እንግዶቹ አንቺን ይብሉሽ?" አለሽ። አንቺም ለዘር ያስቀመጥነው ባቄላ ጎታው ሥር አለ አልሽ። አምስት ቀን ብቻ ነው፣ እደርስባችኋለሁ አልሽ። ድንቅነሽ ቀሚስሽን ይዛ አልለቅም ስትል፣ አጎትሽን አይቼ እመጣለሁ ብለሽ ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈታሽ። ይህን ሁሉ ሲነግረኝ ድንቅነሽ አጠገባችን ነበረች። "አጎቴ፣ እማዬ አየችህ?" አለችኝ።

አየችኝ አልኋት። እውነት ነው፤ በገርበብታው ውስጥ አይተሽኛል። እኔ ነኝ ያላየሁሽ።

ቸኮል የጭነት በቅሎዎቹን በእግር ይዞ ተመልሶ ስለነበር ለቤትሽ ቅርቡ መንገድ ከዚህ፣ ከመካነ ሰላም፣ መነሳት ነበር። ገብሱን ይዤ ሚያዝያ 19 ቀን በአውሮፕላን ተሳፈርሁ። ከአውሮፕላኑ የወረድሁት በሰው ትከሻ ነው፤ ትኩሳቱ እዚያው ላይ ጀምሮኝ ነበር። ስለዚህ አልቻልሁም ልልሽ እችል ነበር፤ ሰውም ያምነኛል። ግን ግርሻ መሃል ላይ ፋታ ይሰጣል። እኔን ከሚያዝያ 26 እስከ ግንቦት 2፣ ሰባት ቀን ሙሉ ለቆኝ ነበር። ሰባቱንም ቀን በላሁ፤ ደጅ ተቀምጬ ፀሐይ ሞቅሁ፤ ከቸኮል ጋር ገበጣ ተጫወትሁ። በቅሎዎቹ ሥራ ፈትተው ግቢው ውስጥ ቆመው ነበር። ገብሱ ጥግ ላይ ተቀምጧል። ለማን ነው? ብሎ ሲጠይቀኝ ለክረምት ነው አልሁት።

ለምን እንደሆነ ራሴን ጠይቄአለሁ። እስካልላክሁ ድረስ አንቺ እዚያ ጨለማው ውስጥ ተቀምጠሽ ጣትሽን ከንፈርሽ ላይ አድርገሽ አለሽ። ሰው ከላክሁ ግን ሰውዬው አንድ ነገር ይዞ ይመለሳል። እኔ የፈራሁት እሱን ነው። ከዚህ የሚሻል ምክንያት የለኝም።

ትናንት ያ ፕሮግራም ባይመጣ ዛሬም ዝም ብዬ እተኛ ነበር ብዬ እፈራለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቤይሩት ተመልሰው ለወዳጆቻቸው አውርተዋል። ልጅቷ ስለ ጨለማው ቤትና ስለ ሞቀው ባቄላ ለሰው ሁሉ ነግራለች። የሁለተኛው ቤተሰብ ልጆች እኛም እዚያ እንሂድ ብለዋል። ወኪሉ ደስ ብሎታል። ዶላሩ ከእንግዲህ ወደ ድሮው የሚመለስ ስለማይመስል የዘጠኝ ቀኑ ጉዞ ተሰርዟል፤ ፈረንጅ ሁሉ በአጭሩ መንገድ ይሄዳል ሲል ጽፏል። ሴትዮዋ በእያንዳንዱ ጉዞ አምስት ብር ቢሰጣት ይበቃታል ወይ? ብሎም ይጠይቃል። ስምሽን አያውቀውም። "የባቄላዋ ሴት" ነው የሚለው። እህቴ እንደሆንሽ አልነገርሁትም፤ የእህቴ ቤት ሰው ገበያ ሄዶ እንደነበር ነው የሚያውቀው።

ወረቀቱን አንብቤ ስጨርስ ቸኮልን አስጠራሁና ሁሉንም ነገርሁት። አልተቆጣኝም። ብድግ ብሎ ወጣና ከጥቂት ጊዜ በኋላ የበቅሎ ጫማ ሲመታ ሰማሁ። ሲመለስ ሰባቱን ቀን አንድ በአንድ በጣቱ ቆጠረ፤ ከዚያ እጁን ኪሱ ከተተ። ገበጣው ላይ ሁለቴ ብቻ ነው ያሸነፍኸኝ፣ ልብህ እዚያ አልነበረም ማለት ነው አለኝ። ልቤ እዚያ ባይኖር ኖሮ ሁለቴም አላሸንፍህም ነበር አልሁት። አልሳቀም።

ነገ ጠዋት ይነሳል። አርብ ግንቦት 17 ቀትር ላይ ደጅሽ ይደርሳል። እንግዳ አለ ብሎ እንዳይጣራ አስጠንቅቄዋለሁ። ብቻዬን ነኝ፤ የላከኝ ወንድምሽ ነው፤ እህል ይዣለሁ ይበልሽ። መልስ ባይሰማም ይግባ። "ዝም ካለችስ?" አለኝ። ዝም ማለቷ የለችም ማለት አይደለም አልሁት። "ከሌለችስ?" አለኝ። ገብሱን አውርድ፤ እሳቱን አንድድ፤ ደብዳቤውን ከምድጃው ድንጋይ ሥር አድርገው አልሁት። መንገድ ላይም አያ ክንፈን ከአጥሩ አንስቶ ይዟቸው እንዲመጣ፣ ገብስ በእጃቸው ይዘው እንዲገቡ ነግሬዋለሁ። አሁን ባዶ እጃቸውን አይደሉም።

ሁሉንም ካነበብሽ በኋላ ልትቆጪኝ ትችያለሽ፤ መብትሽ ነው። መልስ ጻፊ አልልሽም። ቀለም የት ታገኛለሽ? ሻሹን ላኪልኝ። ቸኮል በበቅሎዋ አንገት ላይ ያስረው። አልጋዬ መስኮቱ አጠገብ ነው፤ ከሜዳው የሚወጣው መንገድ ይታየኛል። ሻሹ ቢጫ ስለሆነ ከሩቅ ይለያል።

ያቺን አንዷን ባቄላ አልበላኋትም። ትራሴ ሥር ናት።

ያባታችን ጸሎት ከአንቺ አይራቅ። ወላዲተ አምላክ ቤትሽን በእጇ ትያዘው፤ ልጆችሽን ወደ እቅፍሽ ትመልስልሽ፤ ከዚህ ክረምት በደህና ታሻግርሽ። ለእኔም የሚገባኝን ያህል ሳይሆን አንቺ የምትመርቂኝን ያህል ታድርግልኝ።

ለወኪሉ የምመልሰው ቃል በሐሙሱ አውሮፕላን፣ ግንቦት 23 ይሄዳል፤ ምን እንደምጽፍለት ገና አልወሰንሁም። ቸኮል የሚመለሰው ከዚያ በፊት ነው፤ ሰኞ፣ ግንቦት 20።

ወንድምሽ